ከወፍጮው መሠረት ሥር

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ተረት የፈለገ ሰው እዚህ ላይ ያቁም። እኔ ቦታውን አውቀዋለሁ፣ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ከዚያ ወፍጮ የወጣ ዱቄትም ቤቴ ገብቶ በልቼዋለሁ።

ደግሞ ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ። ጅብ አልጮኸም፣ መብራት አልጠፋም። ሁሉም ነገር የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ አብዛኛውም ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ቀትር ላይ...

እኛ አገር ቀትር ላይ ምንጭ ዳር ብቻውን የሚቀመጥ ሰው የለም። ለምን እንደሆነ አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ እኔ አሁን ጊዜ የለኝም።

ቦታው ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ወፍጮ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ፊት ለፊቱ የገብስ ማሳ። ባለቤቷ ፈንታነሽ ትባላለች። ባሏ እሸቴ ታሞ ከሞተ በኋላ በዚያች ወፍጮ የሚተዳደሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ እሷ እና የባሏ እናት እማሆይ ፍቅርተ። እማሆይ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። መሬት የላቸውም፣ ከብት የላቸውም። ወፍጮዋ ከቆመች ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጠው እጃቸውን መዘርጋት ነው።

ይህን ያዙልኝ።

እሸቴ ወፍጮዋን ሲተክል እንደሌላው ሰው መሬት ቆፍሮ ሲሚንቶ አላፈሰሰም። ቦታው የኪራይ ነበር። "ባለመሬቱ ነገ ተነስ ቢለኝ መሠረቴን ጥዬለት ልሄድ ነው?" አለ። ስለዚህ ደብረ ታቦር ወደ ሙሐዲን ሄደ።

ሙሐዲን ከቦታ ቦታ የሚነሳ የማሽን መሠረት የሚሠራ ሰው ነው። ለወፍጮ፣ ለጄኔሬተር፣ ለውሃ ፓምፕ። ግቢው ውስጥ ፌሮ ያስርና በጣውላ ሳጥን አርማታ ይሞላል፤ ብሎኑንም፣ ክሬን የሚያነሳበትን ቀለበትም አብሮ ይቀብረዋል። ሲደርቅ በአይሱዙው ላይ ባለችው ትንሽ ክሬን አንስቶ የፈለጋችሁበት ያስቀምጥላችኋል። እናንተ ማሽኑን ከላይ ታስሩታላችሁ። ቦታ የለቀቃችሁ ቀን ማሽኑ ከነመሠረቱ ብድግ ይላል፣ በቃ።

ማሽን የሚቀመጥበት ፊት ልስልስ እንዲል ሙሐዲን አርማታውን የሚያፈሰው በግልባጩ ነው። ሲያፈስ ላይ የነበረው ፊት ሲገለበጥ መሬት ላይ ይተኛል።

እሸቴ ያን ቀን አርማታው ገና እርጥብ ሳለ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ጫነበት። ጥልቅ አድርጎ።

"ኧረ ሲሚንቶ እጅ ይበላል!" አለው ሙሐዲን።

"ይብላ። የማን እንደሆነ ይወቅ" አለ እሸቴ እየሳቀ።

የእሸቴ ቀኝ እጅ የትም ቢታይ ይታወቃል። የአመልካች ጣቱን ጫፍ ድሮ የሞተር ቺንጋ ቆርጦታል።

አርማታው ደርቆ ድንጋይ ሆነ፣ ተገለበጠ፣ ጋፋት መጥቶ ተቀመጠ። አሻራው ከሥር ቀረ። ከሙሐዲን በቀር ያስታወሰውም አልነበረም።

እሸቴ ታላቅ ወንድም ነበረው። ይሻው ይባላል፣ ኑሮው ገሳይ ከተማ ነው፣ ድንች ነጋዴ ነው። የሞተ ሰው አይወቀስም ይባላል እንጂ እኔ እወቅሰዋለሁ፤ ክፉ ሰው ነበር። ወንድሙን ሊጠይቅ መጥቶ ዓይኑ የሚያርፈው በሽተኛው ላይ ሳይሆን ወፍጮዋ ላይ ነበር።

እሸቴም ያውቀዋል። ሊሞት ሲል የነፍስ አባቱን ቄስ ሙላቴን አስጠራና ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት አስገዘተ።

"እናቴና ሚስቴ በሕይወት እያሉ... የዚህችን ወፍጮ ብሎን ፈትቶ የወሰዳት... አፈር አይቀበለው።"

ቄስ ሙላቴ በታቦቱ ስም አጸኑት። ቤቱ ሙሉ አሜን አለ።

ይሻውም አሜን አለ። እንዲያውም የእሱ ድምፅ ከሁሉም ይጎላ ነበር።

የከተማ ልጆች ግዝትን ተራ እርግማን ታደርጉት ይሆናል። እኛ ጋ ግዝት ያለበትን እንጨት ሌባ እንኳ ዘሎት ያልፋል። የሚፈታውም ቄስ ብቻ ነው፤ ያውም የተበደለው ሰው ይቅር ካለ በኋላ።

የእሸቴ አርባ ሳይወጣ ይሻው መጣ።

ፈንታነሽ የተዝካሩን እህል ልትፈጭ ሞተሩን ስታዘጋጅ ከውጭ የመኪና ድምፅ ሰማች። ብትወጣ የሙሐዲን አይሱዙ ቆሟል። ይሻው ክሬኗ ከላይ እንድትገባ ሁለት ወጣቶችን ጣሪያው ላይ አውጥቶ ቆርቆሮውን ያስነቅላል።

"ምን ሆኑ ጋሼ? ምን ፈልገው ነው?"

"የወንድሜን ዕቃ ልወስድ።"

"ግዝቱስ?"

ይሻው ሳቀ። ገባና ወደ ድንጋዩ ጎንበስ ብሎ ብሎኖቹን የያዙትን ዳዶዎች አንድ በአንድ እያየ ጣቱን ከላያቸው ላይ አወዛወዘ፣ ሳይነካቸው።

"የተገዘተው ብሎን የፈታ ነው። እኔ ብሎን እፈታለሁ አልኩ? ከነመሠረቱ ነው የማነሳት። ከፈለግሽ ቄሱን ጥሪና ይመስክሩ።"

ግዝትን በክሬን ያታለለ ሰው እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

እማሆይ ፍቅርተ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።

"ይሻው... የወንድምህ መቃብር ገና አልደረቀም እኮ ልጄ።"

"እርስዎ አይግቡበት እማዬ።"

"በምን ልንኖር ነው?"

"እርስዎ እኔ ጋ ይመጣሉ። እሷ ወጣት ናት፣ ታግባ።"

ይህን ያለው ፈንታነሽን እያያት ነው። ጥቁር ልብሷን ከላይ እስከ ታች እያየ።

ሙሐዲን አንገቱን ደፍቶ ሰንሰለቱን ቀለበቶቹ ላይ አሰረ። እውነቱን ልናገር፣ ሙሐዲን ጥሩ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ጥሩ ሰው አልነበረም። "እኔ የታዘዝኩትን ነው እትዬ" ብቻ አለ።

ሰንሰለቱ ተወጠረ። ድንጋዩ ከነወፍጮዋ ከመሬት ተላቀቀ። የታፈነ አፈር ሽታ ቤቱን ሞላው።

ሁሉም ወደ ወለሉ አዩ።

ድንጋዩ የተኛበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ወለሉ ላይ ቀርቷል። መሐሉ ላይ እጅ ነበር።

የአፈር እጅ...

እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ያ ሁሉ ክብደት ዓመታት ሲጫነው ከሥር ያለው ጭቃ ወደ አሻራው ገብቶ እንደ ጡብ ደርቋል። መዳፉ ወደ ላይ ነው፣ ጣቶቹ ተዘርግተዋል። አመልካች ጣቱ ጫፍ የለውም።

"እሸቴ..." አለች ፈንታነሽ።

ይሻው ሄዶ እጁ አጠገብ ቆመ። ለትንሽ ጊዜ አየው። ከዚያ ቀኝ እግሩን አነሳና ተረከዙን መዳፉ ላይ አሳረፈ። ጨመቀው። ሲጋራ እንደሚያጠፋ ሰው ግራና ቀኝ አዟዟረው።

"ጭቃ ነው" አለ። "ለጭቃ ታለቅሺያለሽ?"

ጭቃ ከሆነ መፍረስ ነበረበት። አልፈረሰም።

እግሩን ሊያነሳ ሲል ይሻው ተንገዳገደ። አንድ ነገር ጫማውን ይዞ ዘግይቶ እንደለቀቀው ዓይነት። ወለሉ ግን ደረቅ ነበር። ሙሐዲን ይህን ሲነግረኝ እጁን ደጋግሞ ሱሪው ላይ ይጠርግ ነበር።

መኪናው ሄደ። የተነቀለውን ቆርቆሮ እንኳ አልመለሱትም።

ፈንታነሽ እጁን ዶሮ እንዳይረግጠው ቁና ደፋችበት።

ዶሮዎቹ ግን ወደዚያ ቤት መግባት ትተው ነበር። እህል ወለሉ ላይ ፈስሶ እያዩት ደጃፉ ላይ ቆመው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ዝናብ ጣለ። ክዳን የሌለው ቤት ነው፣ ወለሉ ረግረግ ሆነ። ፈንታነሽ 'አሁንስ ፈረሰ' ብላ ቁናውን ስታነሳው...

ደረቅ ነበር። ቁናው በስብሶ ውሃ ያንጠባጥባል፣ እጁ ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለችም።

ትንሿ ጣት ጎንበስ ብላለች።

ፈንታነሽ ቁናውን መልሳ ደፋችው። እማሆይ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምን አየሽ?"

"ምንም።"

"እጄን ይዘሽ ውሰጂኝ።"

እማሆይ ተንበርክከው ዳበሱት። መዳፉን፣ አውራ ጣቱን፣ የተቆረጠውን ጣት። ፊታቸው ተለወጠ።

"የልጄ እጅ ነው... ምነው ጣቱን አጠፈ?"

"ጭቃ ሲደርቅ ይጨማደዳል እማሆይ።"

"ጭቃ እንዲህ አይሞቅም" አሉ በሹክሹክታ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እማሆይ ቀትር በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ነበራቸው።

"የትኛው ጣት ጋ ደረሰ?"

ፈንታነሽ ትነግራቸዋለች። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ሁለቱም ጎረቤት የሰጣቸውን ቆሎ ይቆረጥማሉ። ርቧቸው ነበር፣ ይህን እንዳትረሱ። ርሃብ ሰውን ምን እንደሚያደርግ የማታውቁ ሰዎች በፈንታነሽ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

ከገሳይ የሚመጡ ሚኒባሶች ወሬ ያመጡ ጀመር። የይሻው ወፍጮ ትፈጫለች፣ ዱቄቱም ነጭ ነው አሉ። ሲቦካ ግን... ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ያድራል። ሴቶቹ በመዶሻ ነው የሚያወጡት። አንዷ ቡሃቃዋን ይዛ ሄዳ ደጃፉ ላይ ሰባብራበታለች።

ፈንታነሽ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያኔ የመጀመሪያዋ ነበር፤ አሳሳቋን የሰሙ ሰዎች አልወደዱትም።

ይሻው ተመልሶ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሰዓቱ ቀትር ነው።

ኮቴውን ቀድመው የሰሙት እማሆይ ናቸው። አንዱ እርምጃ ቀላል ነው፣ አንዱ ከባድ።

ጠብ... ዱም። ጠብ... ዱም።

"ማነው ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣው?" አሉ።

ይሻው ነበር፤ ከኋላው ሙሐዲን። ይሻው ከስቷል፣ ፀጉሩ አቧራ የነሰነሱበት ይመስላል። ቀኝ እግሩን እየጎተተ መጥቶ ፈንታነሽ እግር ሥር ወደቀ።

"ጫማዬ አይወልቅም" አለ። "ከዚያን ቀን ጀምሮ አይወልቅም።"

ሱሪውን ሰበሰበው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ግራጫ ነው። አንድ ፀጉር የለበትም። ሙሐዲን ጎንበስ ብሎ በጣቱ አጥንት መታ መታ አደረገው። ድምፁን ያውቀዋል። ዕድሜ ልኩን ሲመታው የኖረው አርማታ ነው።

"ወፍጮዋን ልመልስልሽ ፈንታነሽ።"

"መልሳት።" አንቱታው ቀርቷል።

"አትነሳም!"

ሙሐዲን ጣልቃ ገባ። "እውነቱን ነው እትዬ። ሰንሰለቱን አስሬ ብጎትት ብጎትት የመኪናዬ የፊት ጎማ ተነሳ እንጂ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። እኔው ሠርቼ፣ እኔው ጭኜ የወሰድኩት ድንጋይ ነው።"

"ብሎኑን ፈትቼ ወፍጮዋን ብቻዋን ላምጣልሽ" አለ ይሻው። "ግን ግዝቱ አለ። ቄስ ሙላቴ ጋ ሄጄ ነበር። 'ፈንታነሽ ይቅር ብዬዋለሁ ካለችኝ እፈታሃለሁ' አሉኝ። አንድ ቃል በያቸው። አንድ ቃል ብቻ። ያውልሽ ቤታቸው... አሁን እንሂድ..."

የቄስ ሙላቴ ቤት ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ይታያል። ድምፅ ከፍ አድርጎ የተጣራ ሰው ይሰማቸዋል። ቄሱም ያን ሰዓት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር።

ፈንታነሽ ጣሪያ የሌለውን ቤት አየች። በባሏ መዳፍ ላይ የተሽከረከረውን ጫማ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቁናውን አነሳችው።

አራቱ ጣቶች ታጥፈዋል። የቀረው ጫፍ የሌለው ጣት ብቻ ነው።

ወደ ይሻው ያመለክት ነበር።

ይሻው አላየውም፤ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ያለቅስ ነበር። ሙሐዲን አየው። ፈንታነሽም ሙሐዲን ማየቱን አየች። ቀስ ብላ ቁናውን መለሰችው።

"ቄሱ ጠዋት እዚህ ነበሩ" አለች።

"ምን አሉ?"

"ይቅር ብዬዋለሁ አልኳቸው። ፈትተውሃል።"

ይሻው ቀና አለ። ፊቱ ላይ እንባና አቧራ ተለውሷል። እንደ ሕፃን ነበር የሚያያት ይላል ሙሐዲን።

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"ታዲያ ብሎኑን... ልፍታው?"

ከገብሱ ማሳ በኩል ምንም ድምፅ የለም። ወፍ የለም፣ ነፋስ የለም።

"ፍታው" አለች ፈንታነሽ።

ጉልበቷን ስሞ ተነሳ። ጠብ... ዱም። ጠብ... ዱም። ወደ መኪናው።

እማሆይ የምራታቸውን ክንድ ያዙ።

"ቄሱ መቼ መጡ? ኮቴአቸውን አልሰማሁም።"

"ተኝተው ነበር እማሆይ።"

"ጠዋት አልተኛሁም።"

መኪናው ገና አልተነሳም። ብትጣራ ይሰማት ነበር።

እማሆይ ገባቸው። "ይሻው!" ብለው ጮኹ። "ይሻው! ልጄ!"

ያኔ ሙሐዲን ሞተሩን አስነሳ። የናፍጣ ሞተር ሲነሳ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ጠሩም አልጠሩም ያው ነው።

ሙሐዲን የእማሆይን ጩኸት ሰምቶ እንደሆነ ጠይቄዋለሁ። እጁን እንደገና ሱሪው ላይ ጠረገ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሁለቱ ሴቶች ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። እማሆይ ሌሊቱን ሲያለቅሱ አድረው ድምፃቸው አልቋል። ቄስ ሙላቴ ጋ ውሰጂኝ ብለዋት ነበር፣ እሺ ብላ አልወሰደቻቸውም።

ቁናው ሥር የሆነ ነገር ተሰማ።

ቅጭል...

ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ቅጭል...

"ገሳይ ሩቅ ነው" አሉ እማሆይ። "እንዴት እዚህ ይሰማል?"

ቅጭል...

ፈንታነሽ ቁናውን አነሳች። ጫፍ የሌለው ጣት ይንቀጠቀጣል።

ቅጭል።

ጣቱ ታጠፈ። እጁ ጨበጠ።

ከጭብጡ ውስጥ ጥቁር ክር ብቅ ብሎ ነበር።

እማሆይ በእንብርክካቸው ሄደው ክሩን አገኙት። በሁለት ጣታቸው መካከል ይዘው ወደ ቋጠሮው ወረዱ። ቋጠሮውን ሲነኩ ቆሙ።

"ማተብ ነው" አሉ። "ቋጠሮው የእኔ ነው። ለሁለቱም ልጆቼ እንዲህ ነው የቋጠርኩላቸው... የእሸቴ አብሮት ተቀብሯል።"

"ይተዉት እማሆይ።"

"ይህ የማን ነው ፈንታነሽ?"

"ይተዉት።"

እማሆይ ክሩን ሳቡት። አልመጣም።

ከዚያ ከሥር... የሆነ ነገር መልሶ ሳበው።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ሙሐዲን መጣ። መኪናው ላይ ወፍጮዋ ከነመሠረቷ ተቀምጣለች። ሙሐዲን የመኪናውን በር እንኳ ሳይዘጋ ወረደ።

"የታል?" አሉት እማሆይ።

ሙሐዲን የተናገረው ለፈንታነሽ ነው፤ ቀስ ብሎ።

"ብቻዬን ልፍታው ብሎ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ዳዶዎቹ ሲወልቁ ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ። ብጠራው ዝም። ሰብሬ ገባሁ... ማንም የለም እትዬ። ያ ቤት ሌላ በር የለውም። መፍቻው ወድቋል። ዳዶዎቹ ድንጋዩ ላይ ተደርድረዋል። ቀኝ ጫማው ብቻውን ቆሟል።"

"ባዶውን?"

"ሞልቶ። ደረቅ ሲሚንቶ ሞልቶ።"

"ድንጋዩስ እንዴት ተነሳ?"

"እንደ ገለባ። ብሎኑን መልሼ አጥብቄ ነው ያመጣሁት። ይህን ነገር ከእጄ ውሰዱልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እማሆይ ፍቅርተን አንድ ጎረቤት ደግፋ ወደ ውጭ አወጣቻቸው። ሙሐዲን ድንጋዩን አንስቶ ክዳን በሌለው ቤት በላይ አዞረውና ከድሮ ቦታው ትክክል አንጠለጠለው። ቦታውን ለማየት ከድንጋዩ ሥር ጎንበስ አለ።

ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

"እትዬ... ነይ እስቲ።"

ፈንታነሽ ቀረበች።

የእሸቴ እጅ ተከፍቷል። ጣቶቹ እንደ ድሮው ተዘርግተዋል። ክሩ የለም።

አጠገቡ ግን አፈሩ አብጦ ነበር። እያዩት ተሰነጠቀ... ሌላ እጅ ብቅ አለ። ጣቶቹ ሙሉ ናቸው። መዳፉ ወደ ላይ ነው፣ ከላዩ የሚወርድበትን ነገር ለመግፋት እንደተዘረጋ። አፈሩ ከሥር እየገፋ ያወጣው ነበር።

አፈር አይቀበለው ተብሎ ነበር...

የሙሐዲን ከንፈር ይንቀሳቀሳል። በራሱ ሃይማኖት ይጸልይ ነበር።

"ይሻው ነው" አለ በሹክሹክታ። "እትዬ፣ ብንቆፍር... ቢተነፍስስ?"

ከውጭ የእማሆይ ድምፅ ይሰማል። "ምንድን ነው? ምን አገኛችሁ?"

ሙሉው እጅ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ።

"ላውርደው ወይስ..." አለ ሙሐዲን።

ፈንታነሽ ወደ ደጃፉ ዞረች። "ምንም የለም እማሆይ!" አለች።

ከዚያ ለሙሐዲን ቀስ ብላ፣

"አውርደው።"

ወፍጮዋ ዛሬም ትፈጫለች። ዱቄቷ ነጭ ነው፣ ሊጡም ደህና ይቦካል። ክዳኑ ተመልሷል። ይሻውን የሚፈልጉ ሰዎች ገሳይ ላይ ብዙ ጠይቀው ትተውታል። አንዳንዱ በዕዳ ምክንያት ጠፋ ይላል።

እኔ ባለፈው ገብሴን ይዤ ስሄድ ሳላስበው ቀትር ላይ ደረስኩ። ሞተሩ ጠፍቷል። እማሆይ ፍቅርተ መሬት ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን የድንጋዩ ጎን ላይ አድርገዋል። ፈንታነሽ መፍቻ ይዛ ቆማለች። አላዩኝም።

መጀመሪያ ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም።

ከዚያ አንደኛው ዳዶ ዞረ።

ማንም ሳይነካው። ቀስ ብሎ... ወደሚፈታበት በኩል። ቀጥሎ ሁለተኛው። ከሥር ሆኖ የሚያዞራቸው ሰው ያለ ይመስል፣ አንዴ ይሄዳሉ፣ አንዴ ደክሟቸው ይቆማሉ።

"ይሻው..." አሉ እማሆይ ወደ ድንጋዩ ተጠግተው። "ይሻው፣ አንተ ነህ?"

ፈንታነሽ ጎንበስ ብላ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አጠበቀች። በየቀኑ የምትሠራው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። አልቸኮለችም።

"ብሎን ነው እማሆይ" አለች። "ይላላል።"

እማሆይ እንደገና ሊጣሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ፈንታነሽ ሄዳ ሞተሩን አስነሳችው።